አባዬ ካረፈ በኋላ ክሱን እንዴት ቀጠልነው

አባዬ ያበደረው ገንዘብ በውሉ ቀን ስላልተመለሰለት ልደታ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሥርቶ ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደን ውክልና ሰጠኝ። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። ምስክሮች ተሰምተው፣ ፍርድ ሳይሰጥ አረፈ።

አርባው ሳይወጣ ቀጠሮው ደረሰ። ጥቁሬን እንደለበስኩ ገባሁ። "ከሳሽ?" ሲባል እንደ ወትሮው "በተወካይ ቀርበናል" አልኩ። ዳኛዋ ልብሴን አይተው ይሆን? "ከሳሽ ደህና ናቸው?" ሲሉኝ እንባዬ ቀደመኝ። ረጋ ብለው አስረዱኝ፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ቀሪ ይሆናል። ለካ እዚያ የቆምኩት ያለ ምንም ሥልጣን ነው። እባካችሁ፣ ውክልና በእጃችሁ ስላለ ብቻ መቀጠል የሚቻል እንዳይመስላችሁ።

ደግነቱ እንዲህ ያለው ክስ ከባለቤቱ ጋር አይቀበርም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 48 ጀምሮ ይህንኑ ይላል። የመክሰስ መብቱ የሚተላለፍ ከሆነ ወራሾች በሟች ቦታ ተተክተው ይከራከራሉ። የብድርና የኪራይ ገንዘብ ይተላለፋል። የፍቺ ክስ ግን እዚያው ያበቃል፤ ጋብቻውን ሞት አፍርሶታላ።

ችሎቱ ወራሽነታችንን አረጋግጠን እንድንቀርብ ቀጠሮ ሰጠን። የሞት ምስክር ወረቀቱን ከወረዳ አወጣን። የወራሽነት ማስረጃ የሚጠየቀው ግን ከከተማው ፍርድ ቤት ነው፤ ይሄን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ጠዋት ልደታ ተሰለፍኩ። ብዙ ጊዜ የበላብን ውጭ ያለው ወንድሜ በኤምባሲ በኩል የላከው ውክልና ነው።

ከሁሉ የከበደኝ የእማዬ ነገር ነበር። ማመልከቻውን ስጽፍ ስሟን አንደኛ ወራሽ ብዬ አስቀመጥኩ። ጠበቃ የሆነች ጎረቤታችን ሰረዘችው። በእኛ ሕግ፣ ኑዛዜ ከሌለ፣ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም። እማዬ ቡና እየቀዳች ነበር። ጀበናውን አስቀመጠችና "ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን እኔ ማን ነበርኩ?" አለች። ጎረቤታችን ተነስታ አጠገቧ ተቀመጠች። "እማማ፣ ብሩ በትዳር የተፈራ ነው። ግማሹ ድሮም የእርስዎ ነው፤ የሚወረሰው የጋሼ ድርሻ ብቻ ነው።" ያኔ ነው እማዬ ገንዘቡን ራሷ ቆጥራ ለአባዬ እንደሰጠችው የነገረችን።

ስለዚህ አቤቱታው ሁለት ነገር ጠየቀ። እኛ ልጆች በአባዬ ቦታ እንድንተካ፣ እማዬ ደግሞ በራሷ ድርሻ ወደ ክርክሩ እንድትገባ። ባንለየው ኖሮ የእሷ ሀብት ከውርሱ ጋር ይደባለቅ ነበር።

ክርክሩ ካቆመበት ቀጠለ። ምስክሮቹ እንደገና አልተጠሩም፤ የዳኝነት ክፍያም ሁለተኛ አልተጠየቅንም። በቀጣዩ ቀጠሮ "የሟች ወራሾች" ሲባል እኔና እህቴ ተነሳን። የእማዬ ስም ለብቻው ተጠራ። ነጠላዋን አስተካክላ ቆመችና "አቤት" አለች።