ፊቴን ወደ ግድግዳው

ስሙ ይክበር ይመስገን። ልጆቼ "እማዬ፣ ጻፊው" ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ከአባታቸው ቀብር በኋላ ግን ብዕር ማንሳት አልሆነልኝም ነበር።

የልጆቼ አባት ግንበኛ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ የድንጋይ ቤት ያሠራ ሰው ያውቀዋል። ድንጋዩን በመዶሻ መታ ያደርግና ያዳምጣል። ድምፁ ጥርት ካለ ይወስደዋል። ከታፈነ "ውስጡ ስንጥቅ አለው" ብሎ ይጥለዋል። መጀመሪያ ማዕዘኖቹን ያቆማል፣ ሲባጎ ይወጥራል፣ ከዚያ በፊት ማንንም ድንጋይ አያስነካም። አንድ ጊዜ ሙያ ከሚያስተምራቸው ልጆች አንዱ የሠራው ግድግዳ ከቱንቢ፣ ቀጥ ማለቱ ከሚለካበት ገመድ፣ ወጣ። የቤቱ ጌታ "ግድ የለም፣ ልስን ይሸፍነዋል" ቢሉትም በራሱ ሲሚንቶ አፍርሶ ሠራው። ያን ሰሞን ቤታችን ሽሮ በሽሮ ሆነ። ስነጫነጭበት "ትንቢተ አሞጽ ላይ ጌታ ራሱ ቱንቢ ይዞ ቆሟል እኮ፣ እኔ ማን ነኝ?" ብሎኝ ሳቀ።

ቅዳሜ የሠራተኞቹን ሒሳብ ሳይዘጋ ቤት አይገባም። ሲገባም ሴት ልጃችንን ከማቀፉ በፊት ታጥቦ እጁን በቫዝሊን ያሻል። ሲሚንቶ የበላው መዳፉ ጉንጯን እንዳይፍቃት ነው።

2002 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ፍልሰታ ነበር። ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰንብቷል። የቆመበት የፖንቴ፣ የመወጣጫው፣ ባሕር ዛፍ ተሰበረና እሱ ወደቀ። ተነሣ። አቧራውን አራግፎ "ደህና ነኝ" አለ። የወሰዱት ክሊኒክ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ወደ ቤት ላከው። ማታ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል፣ ከልጆቹ ጋር ይጫወታል። ራሴን አመመኝ አለ እንጂ ምንም አልመሰለም። ትንሽ ቆይቶ አስታወከ፤ ከዚያ ተኛ።

ሌሊት ያነቃኝ ማንኮራፋቱ ነው። የእሱ ማንኮራፋት አይደለም። ጠራሁት። ወዘወዝኩት። ፊቱን በውሃ አራስኩት። የዓይኑን ቆብ ገልጬ በሞባይል መብራት ሳየው አንደኛው ብሌን ሰፍቷል፣ ሌላው እንደነበረ ነው። ጮህኩ። ጎረቤታችን፣ አላህ ይስጠው፣ ለሱሑር ተነሥቶ ነበርና ጫማ እንኳ ሳያደርግ መጣ። ተሸክሞ ያወጣው እሱ ነው።

ሆስፒታል ደረስን። ተረኛው ሐኪም ገና ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ከራስ ቅሉና ከአንጎሉ መሃል ደም ሳይጠራቀም አይቀርም አለኝ። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ መጀመሪያ ደህና መስሎ ይቆያል፤ ደሙ ሲበዛ ግን አንጎሉን ይጫነዋል። ቅሉን ከፍቶ የሚያወጣ ሐኪም ያኔ የሚገኘው አዲስ አበባ ነበር። መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር።

አምቡላንሱ ጫጫን ሲያልፍ ጉም ዋጠን። መንገዱ የለም። ሾፌሩ መስኮቱን ከፍቶ አንገቱን አውጥቶ ነጩን መስመር እያየ ይነዳል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ነርሷ ትንፋሹን ትቆጥራለች። እኔ "በልዑል መጠጊያ የሚኖር" ብዬ እጀምራለሁ፣ ግማሽ ላይ ይጠፋኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ የምደግመው ዳዊት! አቡነ ዘበሰማያትም ጠፋኝ። የቀረልኝ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ብቻ ነው። ሸኖ ላይ ነርሷ ድንገት መቁጠር አቆመች። ጎንበስ ብላ አፉን ከፈተች፣ የሆነ ነገር አደረገች። መልሳ መቁጠር ጀመረች። እኔ በዚያ መሃል እግዚአብሔርን ተናገርኩት። ጸሎት አልነበረም። "ጾምህን እየጾምኩ? የሰውን ቤት ሁሉ ሲያቆምልህ ኖሮ የእኔን ልታፈርስ?" አልኩት። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሾፌሩ ሰምቷል፤ አልዞረም። "አለልቱን አልፈናል እናቴ፣ አይዞሽ" ብቻ አለኝ። ሰንዳፋ ስንደርስ ጉሙ ገለጥ አለ።

ሊነጋጋ ሲል ኦፕራሲዮን ክፍል አስገቡት። በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ፤ ካህናት ሲያነብቡት ሰምቼዋለሁ። እኔም ዞርኩ። ግንባሬን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ምን እንዳየሁ ታውቃላችሁ? ልስኑ አብጧል። ማዕዘኑ ወደ ውጭ ሄዷል። የግንበኛ ሚስት ነኝና ዓይኔ አይስተውም። "ይሄን ቢያይ ሌላ ሕመም ይጨመርበት ነበር" አልኩና እያለቀስኩ ሳቅ አመለጠኝ። ወለል የምትወለውል እናት ያበደች መሰልኳት መሰለኝ፣ መወልወያዋን አስደግፋ አጠገቤ ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችኝም። በሩ እስኪከፈት ድረስ እጄን ይዛ ቆየች። ሐኪሙ ወጥቶ "ደሙ ወጥቷል፣ ይተነፍሳል" ሲል እልል ያለችው እሷ ናት። ለሕዝቅያስም የተባለው "ጸሎትህን ሰምቻለሁ፣ እንባህንም አይቻለሁ" ነው።

ከዚያ ወራት አልጋ ላይ፣ ከዚያ በምርኩዝ፣ ከዚያ መዶሻው።

14 ዓመት ኖረ። ሴት ልጃችንን ዳረ። ብዙ ልጆች ከእጁ ሙያ ተምረው ወጡ። ኅዳር 2017 በጉበት ሕመም አረፈ።

እዚህ ላይ ግልጹን ልናገር። ሰው "ተመስገን በይ፣ ትርፍ ዕድሜ ነው" ሲለኝ ደሜ ይፈላ ነበር። "ለሕዝቅያስ 15 ዓመት ሰጠኸው፣ ከእኔ አንዷን ለምን አጎደልክ?" አልኩት እግዚአብሔርን። ቤተ ክርስቲያን መሳም አቆምኩ። የንስሐ አባቴ መጥተው ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ "ለእሱው ንገሪው፤ ዳዊትም ነግሮታል" ብለውኝ ቡና ጠጥተው ሄዱ።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ያስተማራቸው ልጆች መጡ። ጀምሮት የቀረ የግቢ አጥር ነበረን። ገንዘብ ሳወጣ ተቆጡኝ። ወጥ ቤት ሆኜ ስሰማ አንዱ "ከቱንቢ ወጥቷል፣ አፍርስ!" ይላል። ሌላው "ትንሽ ናት፣ ተዋት" ይላል። "ጋሼ ቢኖር ይተውልህ ነበር?" አፈረሱት። እኔም እንጀራ እያወጣሁ "እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ፣ ሠራተኞች በከንቱ ይደክማሉ" የሚለው ከአፌ ወጣ። ማንም አላስታወሰኝም። የዚያን ዕለት ማታ ዳዊቴን ከሰቀልኩበት አወረድኩ።

የአምቡላንሱ ሾፌር፣ ስምህን ሳልጠይቅህ ነው የተለያየነው። ይህን ካነበብክ የክርስትና ስምህን ላክልኝ። በሙት ዓመቱ ቅዳሴ አንተንም በጸሎት አስጠራሃለሁ።