ቶርኖ የበላት ጣት

ዛሬ ለገሃር በኩል ጉዳይ ነበረኝ። የድሬን ፀሐይ መቼም ታውቋታላችሁ፣ አምስት ሰዓት ሳይሞላ አናት ትበሳለች። ሸሽቼ ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ ልጠጣ ስቀመጥ ጎረቤታችንን ጋሼን አገኘኋቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ብርጭቆውን ሲያነሱ የግራ እጃቸው ትንሿ ጣት ጉራጅ መሆኗን አየሁ። ስንት ዓመት ሳውቃቸው ልብ ብዬ አላውቅም!

«ቶርኖ በላት» አሉኝ፣ ሻዩን እፍ እያሉ። ቶርኖ ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጸው ማሽን ነው።

ወዲያው የብራዚል ፕሬዚዳንት የሆነው ሉላ ትዝ አለኝና ታሪኩን አወራኋቸው። የድሃ ልጅ ነው። በልጅነቱ ሊስትሮ ሠርቷል። ኋላ እንደሳቸው የቶርኖ ባለሙያ ሆነ። የሱንም የግራ እጅ ትንሿን ጣት ማሽን ቆረጣት፣ እኤአ በ1964። በ1975 የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ሊቀመንበር ሆነ። አድማ መራ። በ1980 ከጓደኞቹ ጋር የሠራተኞች ፓርቲን መሠረተ፤ በዚያው ዓመት ወታደራዊው መንግሥት አሰረው።

«አድማ» ስል ጋሼ ፈገግ አሉ። የሚያውቁት ነገር አለ፣ አልነገሩኝም እንጂ።

ለፕሬዚዳንትነት ሦስቴ ተወዳድሮ ሦስቴም ተሸነፈ። (እኔ ብሆን በሁለተኛው ቤቴ እገባ ነበር።) በ2002 አሸነፈ። በኋላ በሙስና ተፈርዶበት 580 ቀን ታሰረ። ፍርዱ ተሻረለት፣ በ2022 እንደገና ተመረጠ።

ጋሼ ጉራጇን ጣት አገላብጠው አዩዋት።

«እኔ ደሞ ጣቴን ሰጥቼ ለቀበሌ እንኳ አልተመረጥኩም!» አሉና ሁለተኛ ሻይ አዘዙ። በኔ ሂሳብ።