ጓሳ ላይ ኦርጋን

ቢያሳፍረኝም ልናገረው፦ መንዝ ውስጥ ለተቀረጸ የ22 ደቂቃ ፊልም ሙዚቃ ሥራ ተብዬ በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ጓሳ በሚባለው ሣራም ደጋ ላይ ኦርጋን ማስገባት ነው። የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን።

ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። ዳይሬክተሩ አብሮ አደጌ ነው፤ ደብረ ብርሃን አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። ምስሉን ሲቆርጥና ሲቀጥል ባዶ እንዳይሆንበት ሃንስ ዚመር ኢንተርስቴላር ለተባለው ፊልም በኦርጋን የሠራውን ሙዚቃ ከሥር አስገብቶበት ነበር። የሙያው ሰዎች "ቴምፕ" ይሉታል፤ ጊዜያዊ ለማለት። ጊዜያዊው ግን አልወጣ ይላል። ጉሙ ከጓሳው ሣር ላይ ሲነሣ ሦስት ወር ሙሉ በኦርጋን ሲያይ የከረመ ሰው ሌላ ብታሰማው ጆሮው አይቀበለውም። "እንደዚህ አድርገህ ሥራልኝ" አለኝ፤ ከኪቦርድ የወጣ የውሸት ኦርጋን ሠራሁለት። እሱ ወደደው። እኔ ማታ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው የሰው ካፖርት ደርቤ ሠርግ የሄድሁ መሰለኝ።

በሽታው የቆየ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 ለወጣው የኅዋ ፊልሙ አሌክስ ኖርዝን ሙዚቃ አሠርቶ ሲያበቃ፣ ለጊዜው ብሎ ያስገባቸውን የቆዩ ክላሲኮች አስቀርቶ የኖርዝን ጣለው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) ኖርዝ ድካሙ መና መቅረቱን የሰማው ፊልሙን ለማየት ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ከዚያ አሁን ስማቸው የሚጠራውን የፊልም ሙዚቃ ሰዎች አንድ በአንድ ማዳመጥ ጀመርሁ። ሂልዱር ጉዝናዶቲር በ2019 ለወጣው ቼርኖቢል ለተባለው ተከታታይ ድራማ ሙዚቃውን የሠራችው ሊትዌኒያ ውስጥ ሥራ ያቆመ የኑክሌር ማመንጫ ገብታ የበሩን፣ የቧንቧውንና የክፍሉን ድምፅ ቀድታ ነው። ፎልከር በርተልማን በ2023 ኦስካር ያገኘበትን የጦርነት ፊልም ሙዚቃ ያቆመው ከቅድመ አያቱ በወረሰው ሃርሞኒየም፣ በወናፍ በሚሠራ ትንሽ ኦርጋን፣ ላይ ነው፤ ዋናው ዜማ ሦስት ድምፅ ብቻ! ሦስት ድምፅ ኦስካር ካመጣ ባለ አንድ ጭራው ማሲንቆ ምን አነሰው?

የኛው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ሙላቱ አስታጥቄን ጂም ጃርሙሽ በ2005 ፊልሙ ውስጥ እየደጋገመ አሰማው፤ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ በ2021 አንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ገባ። ፈረንጁ የኛን ይዞ ምስሉን ያደምቃል፣ እኛ ለኛ ተራራ የሱን ኦርጋን እንገለብጣለን። ጆርጋ መስፍን ከቪጄይ አየር ጋር ለኃይሌ ገሪማ "ጤዛ" የሠራውን ሰምቶ ያልተቆጨ እንደኔ ያለ ሙዚቃ ሠሪ ያለ አይመስለኝም።

መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን በጣርማ በር ታጥፌ መሐል ሜዳ ወጣሁ። የፊልሙ ባለታሪክ ባና፣ ማለትም የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የሚሠራበት ቤት እናት ናቸው፤ ልጃቸው በግ ጠባቂ ነው። መቅጃዬን ይዤ ሦስት ቀን ተቀመጥሁ። በሁለተኛው ቀን የበግ ጠጉሩን በደጋን ሲነድፉ ጅማቱ "ድው... ድው..." ይላል፤ ጠጉሩ እየተንሳፈፈ ይነሣል። የማሲንቆ መምቻውም ደጋን፣ የጠጉር መንደፊያውም ደጋን። ዕድሜዬን ሁሉ ሁለቱንም ስጠራ ኖሬ አንድ ስም መሆናቸው ያን ቀን ነው የበራልኝ። ሃያ ደቂቃ ቀዳሁ። ቤቴ ስገባ ድምፁን አንድ ኦክታቭ አወረድሁትና ቀስ አደረግሁት፤ ከመሬት ሥር የሚመጣ ትንፋሽ ሆነ። ኦርጋኑን ያን ሌሊት አጠፋሁት።

ማሲንቆ የሚጫወቱልኝን አዝማሪ ያገኘኋቸው ደብረ ብርሃን ጠጅ ቤት ነው። ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ከአባቴ ይበልጣሉ። ዳይሬክተሩ "ትዝታ ይጫወቱልን" አለ፤ የኛ ፊልም ሰው ባለቀሰ ቁጥር ትዝታ ነውና። ጋሼ ጭራውን ዕጣን እያስነኩ ምስሉን በላፕቶፕ ሁለት ጊዜ አዩ። "ይሄ ትዝታ አይደለም፣ ልጁ ገና አልሄደም፤ የሄደ ነው የሚታወሰው" ብለው አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ሳምንት አቃጠልሁ። የሳቸው ቅኝት ከኪቦርዴ የሩብ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል፤ አንቺ ሆዬ ውስጥ ያሉት ጠባብ እርምጃዎችም በነጭና በጥቁሩ ቁልፍ መካከል ይወድቃሉ። በሶፍትዌር ላቃናቸው ስሞክር ማሲንቆው ጉንፋን የያዘው ቫዮሊን ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነበር፣ ግን ትዕቢት ጋረደኝ፦ ኪቦርዱን ወደሳቸው ቃኘሁት። አሁን መጀመሪያ ሰውየውን እቀዳለሁ፣ ሌላውን ሁሉ ከሱ ሥር አሰልፋለሁ።

ሌላም ጥፋት አለ። ምስሉ ሳይቋጭ መሥራቴ። ዳይሬክተሩ ሙዚቃውን ከሰጠሁት በኋላ ከመሃል 11 ሴኮንድ ቆርጦ ጣለ፤ በር ሲዘጋ ይመጣ የነበረው ምት በጉ ላይ ወደቀ። ሳቅን፣ ግን ሁለት ሌሊት ከፈልሁበት። ውልም ነበረ፤ አንድ ገጽ ወረቀት፣ የጋሼ ስም ከአጫዋቾች ጋር እንደሚጻፍና ቅጂው ለሌላ ፊልም ሲውል እንደሚከፈላቸው። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 (ይህኛው ዓመት በኛ ነው) የተጫዋቹንም መብት ያውቃል፤ ጠጅ ቤት ያለ አዝማሪ ግን ይህን የነገረው የለም።

ጓሳ ላይ ያለው ትዕይንት ሙዚቃ የለውም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣሩን ሲነጩ የሚሰማው ቅጭጭታ ብቻ። ዳይሬክተሩን ለማሳመን አራት ቀን ፈጀብኝ፤ ለኔ ከሠራሁት ሁሉ ያልሠራሁት ይበልጣል።

በመጨረሻው ሳምንት ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያወጣው ዜማ ላከልኝ። "የኢትዮጵያ ማሲንቆ፣ ደጋ፣ ሐዘን" ብሎ ጽፎ በደቂቃ ያገኘው። አይከፋም። አንቺ ሆዬ ብለን ሦስት ጊዜ ጠየቅነው፣ ሦስቱንም ጊዜ ትዝታ የሚመስል ነገር ሰጠን። አልዋሽም፣ የማስታወቂያ ሥራዬን ይኸው መሣሪያ ወስዶብኛል፤ ተመልሶም የሚመጣ አይመስለኝም። ትልልቆቹ የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚዎች በ2024 እንዲህ ያሉትን ኩባንያዎች ከሰዋል፤ የጠጅ ቤቱን አዝማሪ ወክሎ የሚከስ ግን አላየሁም።

ፊልሙ ሲያልቅ ለባለታሪኳ በስልክ አሳየኋቸው። የደጋኑ ድምፅ ጠፋ! ያ የኮራሁበት የመሬት ትንፋሽ በስልክ ድምፅ ማውጫ አይወጣም፤ የኛ ተመልካች ደግሞ አብዛኛው የሚያየው በስልክ ነው። ያልወረደውን ዋናውን ድምፅ ከላዩ ደርቤ በሳምንቱ ተመለስሁ። እማማ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰሙ።

"የኔ ደጋን ናት" አሉ። "ያን ቀን ጅማቷ ላልቶ ነበር እኮ። አሁን አጥብቄዋለሁ፤ ና ግባ፣ እንደገና ቅዳት።"