መኪናው ሳይደርስ ሕጉ ተቀየረ፦ ቀብድ መስሎኝ የነበረው 500 ዶላር

የኤሌክትሪክ መኪናዬን ያዘዝኩት ጁን 2025 ላይ ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ ዉድብሪጅ ነው፤ ሥራ ደርሶ መልሴ ሃምሳ ማይል ይሆናል፣ የቤንዚኑ ወጪ አንገሽግሾኝ ነበር። የፈለግኩት ዓይነት ዲለሩ (መኪና ሻጭ ድርጅቱ) ግቢ ውስጥ ስላልነበረ ሻጩ «ከፋብሪካ እናዝልሃለን፣ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ጠብቅ» አለኝ። 500 ዶላር በካርዴ ከፈልኩና ለባለቤቴ ደውዬ «ገዛን» አልኳት። አልገዛንም ነበር። ይህን ለማወቅ ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ጁላይ 4 ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ ትልቁን የታክስና የበጀት ሕግ ፈረሙ። ለአዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ይሰጥ የነበረው እስከ 7,500 ዶላር፣ ላገለገለ መኪና ይሰጥ የነበረው እስከ 4,000 ዶላር የታክስ ክሬዲት፣ ማለትም ከሚከፈለው ታክስ ላይ የሚቀነስ ገንዘብ፣ ከሴፕቴምበር 30፣ 2025 በኋላ ለሚገዛ መኪና ቀረ። የቀድሞው ሕግ እስከ 2032 መጨረሻ ይቆያል ብሎ ነበር፤ እሱን አምኖ በጀት ያወጣ ሰው ሦስት ወር እንኳ ያልሞላ ጊዜ ቀረው። የእኔ መኪና ደግሞ ገና አልተሠራም።

እንቅልፍ የነሳኝ የጓደኛዬ ነገር ነበር። 2022 ላይ ኮሪያ የሚገጣጠም መኪና አዝዞ ወረፋ ሲጠብቅ፣ ኦገስት 16 ቀን ፕሬዚዳንት ባይደን አዲሱን ሕግ ፈረሙ፤ ከፊርማው በኋላ ክሬዲቱ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ተገጣጥሞ ላለቀ መኪና ብቻ ሆነ። ከዚያ ቀን በፊት በጽሑፍ የጸና ውል የነበራቸው ሰዎች በአሮጌው ሕግ እንዲስተናገዱ ተፈቅዶ ነበር። የእሱ ወረቀት ግን ገንዘቡ በማንኛውም ጊዜ እንደሚመለስለት ስለሚናገር የጸና ውል አልነበረም። ሲያዝ ደስ ያሰኘችው ያቺው ዓረፍተ ነገር 7,500 ዶላር አሳጣችው። እኔ ያኔ «አይዞህ» ብዬው አለፍኩ እንጂ ወረቀቱን አንድም ቀን አላየሁለትም።

ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ አሌክሳንድሪያ ለብዙዎቻችን ታክስ የምትሠራ እህት አለች፣ እሷ ጋ ደወልኩ። አይ አር ኤስ (የአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት) ኦገስት 21 ማብራሪያ አውጥቶ ስለነበር ሊንኩን ላከችልኝ። ቁም ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናው «ተገዛ» የሚባለው ቁልፉን በተረከብክበት ቀን ሳይሆን፣ ሁለቱን ወገን የሚያስር የጽሑፍ ውል ፈርመህ ክፍያ በፈጸምክበት ቀን ነው። ክፍያው ትንሽም ቢሆን ይበቃል፤ አሮጌ መኪናህን በልዋጭ መስጠትም ይቆጠራል። ሁለቱ እስከ ሴፕቴምበር 30 ከተሟሉ መኪናው ኦክቶበርም ይምጣ ኖቬምበር፣ ክሬዲቱን መጠየቅ የምትችለው ስትረከበው ነው።

«እኔማ ከፍያለሁ» አልኳት ደስ ብሎኝ።

«ወረቀቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ እስቲ» አለች። ላክሁ። ሁለት ደቂቃ ቆይታ ደወለች። «ይሄ እኮ ውል አይደለም። ወረፋ ነው የያዝከው።»

ወረቀቱን እንደገና ሳነበው እውነቷን ነው። ዋጋ የለውም። የዲለሩ ፊርማ የለበትም። ከታች በደቃቅ ፊደል ደንበኛው በፈለገ ጊዜ ሰርዞ ሙሉ ገንዘቡን መውሰድ እንደሚችል ይላል። እኔ በጭንቅላቴ ይዤው የነበረው ቀብድ የሚለውን ቃል ነው፤ ያሳሳተኝም እሱ ነው። አገር ቤት ቀብድ ሲባል ውሉ ለመኖሩ ማስረጃ ነው፤ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ገንዘብ ከእጄ ሲወጣ ነገሩ የተቆረጠ መሰለኝ። እዚህ ግን ማንንም የማያስር 500 ዶላር መክፈል ይቻላል። እኔ ነፃ ነኝ፣ ሻጩም ነፃ ነው፣ በሕግ ዓይን ግዢ የሚባል ነገር አልተፈጠረም።

ሴፕቴምበር 13፣ ቅዳሜ ጠዋት ዲለሩ ጋ ሄድኩ። ሻጩ ትሑት ልጅ ነው። «መኪናው ሲመጣ እንፈራረማለን፣ አትጨነቅ» አለኝ። «ዛሬ ነው የምንፈራረመው» አልኩት። በዚያ ሳምንት መኪናው ሜክሲኮ ከፋብሪካ ወጥቶ የራሱ ሻንሲ ቁጥር ተሰጥቶት ነበር፤ ቁጥሩ ውሉ ላይ እንዲገባ ጠየቅኩ። ሙሉ ዋጋው፣ የእኔና የባለቤቴ ስም፣ የሁለቱም ወገን ፊርማ፣ ቀኑ። 500ው ወደ ቅድሚያ ክፍያ ተዛውሮ ሌላ 500 ጨመርኩና የዚያኑ ቀን ደረሰኝ ተቀበልኩ።

የከበደው የስረዛዋ ዓረፍተ ነገር ነበረች። ፎርሙ ላይ የታተመች ስለሆነች ሥራ አስኪያጁ «መደበኛ ናት፣ ምንም አታደርግም» አለ። ካላደረገች ትውጣ አልኩት። ወረቀቱን ይዞ ወደ ውስጥ ገባና አርባ ደቂቃ ያህል ጠፋ። ሲመለስ መስመሯን በሰማያዊ ብዕር ሰርዞ ጎኗ ላይ የስሙን መነሻ ፊደላት ጽፎባታል፤ እኔም ከሥሩ የእኔን ጻፍኩ። በዚያች ደቂቃ ያስረከብኩት ነገር ትንሽ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ የተሻለ ዋጋ ባገኝም፣ ሐሳቤን ብቀይርም መውጫ የለኝም። ክሬዲቱን የሚፈልግ ሰው ይህን መቀበል ነበረበት ብዬ አምናለሁ። በፈለግኩ ጊዜ የምወጣበትን ነገር ገዛሁ ማለት አይቻልማ።

መኪናው የደረሰው ኦክቶበር 17 ነው። ወንበሮቹ ላይ ላስቲኩ እንዳለ፣ ዝናብ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ቢሮ ገብቼ ስቀመጥ የፋይናንስ ሠራተኛዋ ስክሪኗን አዙራ አሳየችኝ፤ 7,500ው የለም። «ሴፕቴምበር 30 አልቋል» አለች። የአይ አር ኤስን ማብራሪያ አትሜ፣ ውሉንና ደረሰኙን በክሊፕ አያይዤ ነበር የሄድኩት፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ፎቶ ኮፒ ይዞ መሄድ ምንም አይጠቅምም የሚል ሰው በዚያ ቀን ከእኔ ጋር ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ክሬዲቱን ለዲለሩ አስተላልፌ ገንዘቡ ከዋጋው ላይ እንዲነሳልኝ፤ ይህ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የተፈቀደ ነበር። እምቢ አሉ፣ አይገደዱም ነበር። ሁለተኛው የሽያጭ ሪፖርቱን ለአይ አር ኤስ በኦንላይን ልከው ቅጂውን እንዲሰጡኝ። ያለዚህ ሪፖርት በእጄ ያለው ውል ብቻውን ዋጋ አልነበረውም፤ መኪናውን በተረከብኩ በሦስት ቀን ውስጥ መላክ ነበረበት። በሦስተኛው ቀን ማታ በኢሜይል ደረሰኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ መኪናውን ደስ ብሎኝ አልነዳሁትም።

የተላለፈው ክሬዲትና በታክስ የሚጠየቀው ክሬዲት ልዩነት ብዙ ወገኖቻችንን ስለጎዳ እዚህ ላይ ልቆይ። ለዲለሩ ሲተላለፍ የዓመቱ ታክስህ ትንሽ ቢሆንም 7,500ውን በሙሉ ታገኝ ነበር። ራስህ በታክስ ስትጠይቅ ግን ክሬዲቱ የሚያነሳልህ ያለብህን ታክስ ብቻ ነበር፤ የተረፈው አይመለስም፣ ለከርሞም አይተላለፍም ነበር። የእኛ የዓመቱ የገቢ ታክስ ወደ 5,900 ዶላር ስለነበር 1,600ው በዚያው ቀረ። «እኔ በየዓመቱ ሪፈንድ ስለማገኝ ታክስ የለብኝም» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ሪፈንድ ከደሞዝህ በዓመቱ ውስጥ ተቆርጦ የተረፈው ነው፤ ታክስህ ስንት እንደሆነ ታክስ ሪተርኑ (በየዓመቱ የሚሞላው የታክስ ቅጽ) ላይ ሌላ መስመር ላይ ተጽፏል። ዲለር ከመመረጡ በፊት ያንን መስመር ማየትና ማስተላለፍ ይቀበሉ እንደሆነ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልግ ነበር። እኔ ይህን ጁን ላይ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩም።

የገቢውና የዋጋው ጣሪያ እኛን አልነካንም፤ አንድ ላይ ለሚያስገቡ ባልና ሚስት 300,000 ዶላር፣ ለኤስ ዩ ቪ ዋጋ 80,000 ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ ፎርም 8936ን ከነተያያዡ ሞላን። እህታችን ሻንሲ ቁጥሩን ሁለቴ እየጠራች ከሪፖርቱ ጋር አስተያየችው። በቤት ለሚተከል ቻርጀርም ክሬዲት ነበር፤ ግን ሁሉም ሰፈር አይካተትም፣ የእኛን አድራሻ ብናየው የለበትም።

ገንዘቡ ከገባ በኋላ ያ ጓደኛዬ ቤት መጣ። ውሉን አውጥቼ ሰጠሁት። ዋጋውንም ቀኑንም አላየም፤ በሰማያዊ የተሰረዘችውን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበባትና «ይሰረዝልኝ ብሎ መጠየቅ እንደሚቻል አላውቅም ነበር» አለኝ።