ሻንጣው ሳይዘጋ አፋችሁን ክፈቱ

ክረምት በገባ ቁጥር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ስኮላርሺፕ ደርሶኛል፣ ምን ይዤ ልሂድ? በርበሬ ስንት ኪሎ፣ ጃኬት እዚህ ልግዛ ወይስ እዚያው፣ የትምህርት ማስረጃ ለማረጋገጥ ስንት ቀን ይፈጃል። የማውቀውን እመልሳለሁ። ከዚያ እኔም በተራዬ እጠይቃለሁ፦ ጥርስህን ታይተሃል? አብዛኛው ይስቃል። በቪዲዮ ከሆነ የምናወራው ደግሞ ሳቁ ራሱ መልሱን ይነግረኛል።

ፉሊ ፈንድድ፣ ሙሉ ወጪ ይሸፈናል የምትለዋ ነገር ታዘናጋለች። ደብዳቤው ላይ ትኬት አለ፣ የወር ገንዘብ አለ፣ የጤና ኢንሹራንስ አለ። ሰው ኢንሹራንስ የሚለውን ሲያነብ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር የሚሸፍን ይመስለዋል። በብዙ አገር ግን ጥርስ ከሌላው ሰውነት ተለይቶ ነው የሚታየው፣ ሒሳቡም ለብቻው ነው። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለእኔም አይገባኝም፤ ጥርስ ያለው ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ይመስል።

እንግሊዝን እንይ። ለተማሪ ቪዛ በዓመት 776 ፓውንድ የጤና ክፍያ አለ። እናንተም ክፈሉት ስኮላርሺፕ ሰጪው፣ ያ ገንዘብ የጠቅላላ ሐኪሙንና የሆስፒታሉን በር ይከፍታል። የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ስትቀመጡ ግን ልክ እንደ አገሬው ሰው ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 በሥራ ላይ በዋለው የመንግሥት ተመን ምርመራ 27.40 ፓውንድ ነበር፣ ማስሞላት፣ ማስነቀል ወይም የነርቭ ሕክምና 75.30፣ ክራውን፣ ማለት ጥርሱ ላይ የሚደፋው ቆብ፣ ከሆነ ደግሞ 326.70። ይህ እንግዲህ ርካሹ ነው። ችግሩ በዚህ ዋጋ የሚያክም ክሊኒክ ማግኘቱ ላይ ነው፤ ደውላችሁ ስትጠይቁ አዲስ ታካሚ አንቀበልም የሚል መልስ ይበዛል፣ በግል ልታከም ካላችሁ ደግሞ ዋጋው ሌላ ነው። ስኮትላንድ የደረሰው ዕድለኛ ነው፣ እዚያ ከ26 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የመንግሥቱ የጥርስ ሕክምና ነጻ ነው።

እንግሊዝ ሳለሁ አንድ ዶርም የነበርን የአርሲ ልጅ ነበር። አንዷ የታች መንጋጋው አዲስ አበባ እያለ ጀምራዋለች። ያኔ የቪዛ ሩጫ ላይ ነበር፣ ፋርማሲ ገብቶ አሞክሳሲሊንና ማስታገሻ ገዝቶ ዝም አሰኛት። ዝም አለች እንጂ አልዳነችም። ብርዱ ሲገባ፣ የመጀመሪያው አሳይመንት ሊገባ ሲል ተነሳችበት። ቅርንፉድ ነከሰባት፣ ነጭ ሽንኩርት አደረገባት፣ እናቱ በስልክ ያዘዙትን ሁሉ ሞከረ። በመጨረሻ የሚያስታግስለት አንድ ነገር ብቻ ሆነ፣ ቀዝቃዛ ውኃ። አፉ ውስጥ ይይዘዋል፣ ሲሞቅ ይተፋል፣ እንደገና ይጎነጫል። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ፣ በአንድ በኩል ጠርሙስ በሌላ በኩል የመትፊያ ኩባያ ይዞ እንደዚያ ሲያደርግ አይቻለሁ። የጥርስ ሐኪሞች ይህን ምልክት ያውቁታል፤ ሕመሙ በሙቅ የሚብስና በቀዝቃዛ ብቻ የሚታገሥ ከሆነ ውስጥ ያለው ነርቭ እየሞተ ነው፣ ማስሞላት ብቻውን አይመልሰውም። በ111፣ በእንግሊዝ የጤና ምክር ስልክ፣ ደውሎ የድንገተኛ ቀጠሮ አገኘና ተነቀለችለት። አዲስ አበባ ሳለ በጊዜው ቢያስሞላት ኖሮ ዛሬም ይበላባት ነበር።

በነገራችን ላይ አሞክሳሲሊኑን ሻንጣ ውስጥ የሚጠቀጥቅ ሰው ብዙ ነው፣ አውሮፓ ያለ ሐኪም ወረቀት አይሸጥም ብለው ስለሚሰሙ። እውነት ነው አይሸጥም። ግን የተቦረቦረ ጥርስን አንቲባዮቲክ አያድነውም። ቀዳዳው እዚያው ነው፣ እብጠቱ ቢቀንስም ተመልሶ ይመጣል።

ሌላው ሰው የማያስበው ነገር ዕድሜ ነው። የመጨረሻዎቹ መንጋጋዎች፣ ሐኪሞቹ ዊዝደም የሚሏቸው፣ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስኮላርሺፕ የሚገኝበት ዕድሜም ያው ነው። ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ድድ ውስጥ የቀረ መንጋጋ ካለ ምግብ ይገባበታል፣ ድዱ ያብጣል፣ አፍ መክፈት ያቅታል። አንድ ራጅ አስነስቶ ይህ ይረብሸኛል ወይ ብሎ መጠየቅ ምንም ማለት አይደለም። ካስፈለገም እዚሁ ይነቀል፣ ግን ትኬቱ ሳምንት ሲቀረው አይሁን። ጥርስ ከተነቀለ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ የረጋው ደም ከቦታው ለቅቆ ሕመሙ እንደ አዲስ የሚነሳበት ጊዜ አለ፣ ያኔ አየር ላይ ወይም ቦታው ገና ባልታወቀ ከተማ መገኘት ጥሩ አይደለም። ውስጡ የተበላ ጥርስ ራሱ በበረራ ላይ የአየር ግፊቱ ሲቀያየር ሊያም ይችላል። ስለዚህ ቪዛው እስኪመጣ አትጠብቁ። የቅበላ ደብዳቤው የደረሰ ዕለት ቀጠሮ ያዙ፣ ሳይቃጠል በቅጠል።

ጥርሳችሁ ላይ ብረት ያሳሰራችሁ ደግሞ አስቡበት። የሌላ ሐኪም ጅምር ሥራ ተቀብሎ የሚጨርስ ሰው ማግኘት ውጭ አገር ቀላል አይደለም፣ ዋጋውም አይቀመስም። ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ ፋይሉንና ራጁን በስልካችሁ ያዙ።

የስምጥ ሸለቆ ልጆችን ለብቻ ላናግራችሁ። ወንጂ፣ መቂ፣ ዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ቢሆን የንጽሕና ጉድለት አይደለም። የጉድጓድ ውኃው ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው ይላል፣ በአካባቢው ከዚያ እጥፍ ድርብ የሚያልፍ ጉድጓድ አለ። ጥርሱ የሚበላሸው በልጅነት ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ ስለሆነ በከሰል ብትፈትጉት፣ በአመድ ብታሹት ለውጥ የለውም፣ ላዩን ከመላጥ በቀር። ኢንተርቪው ላይ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው የሚያወሩ ጎበዝ ልጆች አውቃለሁ፣ ያናድደኛል። ውጭ ሄዳችሁ ይህን አይቶ የማያውቅ ሐኪም ሲያጋጥማችሁ ፍሎሮሲስ ነው በሉት። ውድ የማስዋብ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊትም የሚያም ወይም የተቦረቦረ ነገር እንዳለ አስቀድሞ ያጣራ።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። የሃንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ በወር 43,700 ፎሪንት ይሰጣል፣ የቤት ድጋፉ ለብቻ ሆኖ። የሚገርመው ሃንጋሪ ኦስትሪያውያንና ጀርመኖች ድንበር ተሻግረው ጥርሳቸውን የሚሠሩባት አገር ናት፣ ለእነሱ ርካሽ ስለሆነ። ለእናንተ ግን በግል ክሊኒክ አንድ ጥርስ ማስሞላት የወሩን ገንዘብ ትልቅ ድርሻ ሊወስድ ይችላል። ጀርመን ይሻላል፣ የመንግሥቱ ኢንሹራንስ ምርመራውንና መሠረታዊውን ማስሞላት ይከፍላል፤ ክራውን ሲሆን ግን የመደበኛውን ሕክምና 60 በመቶ ብቻ ነው። በየዓመቱ ታይቶ የጥርስ ምርመራ ደብተሩ ላይ ማኅተም ያስመታ ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ 70፣ ከአሥር ዓመት በኋላ 75 በመቶ ይደርሰዋል፣ ስለዚህ በሄዳችሁበት ዓመት ማኅተሙን ጀምሩ። አሜሪካ በጄ ዋን፣ በልውውጥ ፕሮግራም ቪዛ፣ ለሚሄድ ሰው ሕጉ የሚያስገድደው ኢንሹራንስ ለአንድ ሕመም 100,000 ዶላር የሚሸፍን መሆን አለበት ይላል፣ ለጥርስ ግን ግዴታ የለውም። እዚያ ያላችሁ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶችን ጠይቁ። ዋሽንግተን ዲሲ ለምሳሌ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አለ። ተማሪዎች በመምህራን ክትትል ስለሚሠሩ ጊዜ ይፈጃል፣ ዋጋው ግን ከግል ክሊኒክ ይቀንሳል።

ቤት ደውሎ ገንዘብ ላኩልኝ ማለትም እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብር በዶላር ሲመነዘር ምን እንደሚሆን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በብር ሊሠራ የሚችለውን በብር ጨርሳችሁ ሂዱ።

እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ያለው ቀላል ነው። በቀን ሁለቴ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሹ፣ አንዱ የግድ ማታ። ከቦረሻችሁ በኋላ ትፉ እንጂ በውኃ አትጉመጥመጡ፣ እኛ አፋችንን በሦስት ኩባያ ውኃ ካላጠብን የጸዳ አይመስለንም፣ ፍሎራይዱን ግን አብረን እንደፋዋለን። የወይራ መፋቂያ ይዛችሁ ብትሄዱ አልቃወምም፣ እኔም እወዳለሁ፣ ማታ ግን በሳሙና። ሌሊት ስታጠኑ የምትጠጡት ኢነርጂ ድሪንክና ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ ጥርሳችሁን ይበላል። ሐኪም ዘንድ ማሳጠብ ጥርስ ያሳሳል የሚለውን ወሬም ተዉት፤ ሐኪሙ የሚያነሳው የደረቀውን ቆሻሻ ነው።

አሁን ለደጋፊዎቹ። ቤተሰብ ለሽኝት በግ ያርዳል፣ ሱፍ ይገዛል። መልካም ነው፣ ግን አንዱ አጎት የጥርሱን ሒሳብ እኔ እችላለሁ ይበል። በውጭ ያላችሁ ማኅበራትና የቀድሞ ተማሪዎች፣ ለአንድ ልጅ ገንዘብ አዋጥታችሁ ስትልኩ ለላፕቶፕ፣ ለጃኬት፣ ለትኬት ብላችሁ ትከፋፍላላችሁ። ለጥርስ የሚል መስመርም ጨምሩበት፣ ገንዘቡም ልጁ ከመሄዱ በፊት ይድረስ። ታክሞ ደረሰኙን ያምጣ፣ እናንተ ክፈሉ።