ጋሽ ስቱዋርት

የዘንድሮ ጥምቀት ሰሞን ነው። ጎንደር በጥምቀት ምን እንደምትመስል ለሚያውቃት መንገር አያስፈልግም። ፒያሳ መርፌ መጣያ የለም፣ ባጃጅ ማግኘት ዕጣ እንደመውጣት ነው፣ እንደኔ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ደግሞ ባጅና ባነር ሲያትም ያድራል። በዚያ መሀል አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ደወለና «ሰውየህ አርፈዋል፣ ሰማህ?» አለኝ። ደነገጥኩ። የትኛው ሰውዬ? «የኮምፒውተሩ ነዋ! ጋሽ ስቱዋርት!»

ጋሽ ያልናቸው እኛ ነን። ሰውየው አሜሪካዊ ናቸው፣ ስማቸው ስቱዋርት ሼፌት። ያረፉት በታኅሣሥ ነው፣ በ87 ዓመታቸው፤ እኔ የሰማሁት ዘግይቼ ነው። «ኮምፒውተር ክሮኒክልስ» የሚባለውን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ያቀረቡት እሳቸው ናቸው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን ማቴዎ በሚገኝ ትንሽ የኮሌጅ ቴሌቪዥን ጣቢያ ተጀመረ፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2002 በመላው አሜሪካ ታየ። ግማሽ ሰዓት ነው። ዛሬ ስለ ፕሪንተር፣ በሚቀጥለው ስለ ሞደም፣ ሌላ ጊዜ ኢንተርኔት ስለሚባል አዲስ ነገር።

ፕሮግራሙ ሲያበቃ እኔ ኮምፒውተር ገና መንካቴ ነበር። መንካት ካልነው ነው እንግዲህ። በ1995 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ አንድ ማሠልጠኛ ገባሁ፣ ስሙ ይቅርብኝ። ለአምስት ሰው አንድ ኮምፒውተር ነው። በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል፣ ልክ እንደ ሳሎን ቴሌቪዥን። ጨርቁ እስኪገለጥ ድረስ ሁለት ሳምንት ደብተር ላይ ጻፍን። «ሲፒዩ ማለት የኮምፒውተሩ አእምሮ ነው»። ይህንን ዛሬም ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እወጣዋለሁ። አንድ ቀን እጄን አወጣሁና «እንዴት ነው የሚያስበው?» ብዬ ጠየቅኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስተማሪው አልሳቀም፤ «እሱ ያንተ ደረጃ አይደለም» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሠርተፍኬቴን እስክወስድ ድረስ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም።

2003 ዓ.ም. ላይ ይኼው የደወለልኝ ጓደኛዬ ፕሮግራሙን በሃርድ ዲስክ ሞልቶ አመጣልኝ። ጋሽ ስቱዋርት የድሮ ቅጂዎችን ኢንተርኔት ላይ ከሚያከማቸው ከኢንተርኔት አርካይቭ ጋር ሆነው የድሮ ዝግጅቶቻቸውን ማንም በነፃ እንዲያያቸው አስቀምጠዋቸው ነበር፤ የኔ ጓደኛ ደግሞ ደህና ኢንተርኔት ያለበት መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ነበር። ሌላውን አልጠይቀውም።

የመጀመሪያውን ስከፍት ሳቅኩ። ሰፋፊ መነጽር፣ የጡብ ግድግዳ የሚያካክሉ ኮምፒውተሮች፣ ሁሉም በከረባት። ትንሽ ቆይቼ ግን ሳቄ ጠፋ። እንግዳው የሶፍትዌር ሰው ነው፣ በቃላት ላይ ቃላት ይቆልላል። ጋሽ ስቱዋርት ዝም ብለው ይሰሙትና ረጋ ባለ ድምፅ ወደ መሬት ያወርዱታል። ምን ይሠራል? ማን ነው የሚፈልገው? ዋጋው ስንት ነው? እስቲ አሳየን። ሰውየው ያሳያል። አንዳንዴ ማሽኑ እንቢ ይላል፣ እንግዳው ያልበዋል፣ እሳቸው አይስቁበትም። ሒሳብና ሥነ ልቦና ተምረው ሃርቫርድ ደግሞ ሕግ ያጠኑ ሰው ናቸው። የሚጠይቁት ሁሉ ጠፍቷቸው አይመስለኝም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ለመጠየቅ ለሚያፍረው ሰው ነው የሚጠይቁለት። በኔ ቤት ያ የማሠልጠኛ ጥያቄዬ ስምንት ዓመት ዘግይቶ መልስ ያገኘው እዚያ ጋ ነው።

ከጎናቸው ለዓመታት ጋሪ ኪልዳል ነበሩ። ታሪኩን የማታውቁ ካላችሁ፣ ሲፒኤም የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሠሩት እሳቸው ናቸው፣ ከማይክሮሶፍት ዶስ በፊት ትንንሾቹን ኮምፒውተሮች ያንቀሳቅስ የነበረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም ኮምፒውተሩን ሲያወጣ ገበያው ወደ ዶስ ዞረ። እኔ ብሆን ምድር ቁና ትሆንብኝ ነበር። እሳቸው ግን እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ድረስ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሌሎች የሠሩትን በትሕትና ሲያስረዱ ይታያሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው እንደሚያውቅ ሳያስታውቅበት ያብራራል። እንደዚያ ያሉ ሁለት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ማግኘት ከባድ ነው።

አሁን የመሪጌታውን ልንገራችሁ። ሱቄን በከፈትኩ በሁለተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ከደብር ለሀገረ ስብከት የሚላክ ደብዳቤ ሊያስጽፉ መጡ። ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩላቸው። ልክ ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ስደርስ መብራት ሄደ። ሴቭ አላደረግኩም።

«ልጄ፣ የጻፍከው የት ሄደ?»

«ጠፋ፣ አባ።»

«ጠፋስ እሺ። የት ሄደ?»

ቀድሞ ቢሆን «እሱ ቴክኒካል ነገር ነው» ብዬ እገላገላቸው ነበር። ልል አፌን ከፍቼ ያ አስተማሪ ትዝ አለኝ፣ ከዚያ ጋሽ ስቱዋርት ትዝ አሉኝ፣ አፌን ዘጋሁ። ጥያቄው እኮ ትክክል ነው! ወንበር ሰጠኋቸውና እንዲህ አልኳቸው፤ አባ፣ እርስዎ ቅኔ ሲቆጥሩ መጀመሪያ በሐሳብዎ ይይዙታል አይደል፤ ኮምፒውተሩም የጻፍኩትን ለጊዜው በሐሳቡ ነው የያዘው፣ ራም ይባላል፣ ያ ሐሳብ መብራት ካላገኘ ወዲያው ይበተናል። ሴቭ ማለት ብራና ላይ ማስፈር ነው። ብራናው ሃርድ ዲስኩ ነው፣ መብራት ቢሄድም ባይሄድም ጽሑፉን ይዞ ይቆያል።

ትንሽ አሰቡ። ጭራቸውን ወዘወዙና «ታዲያ እኔ ድጓውን በቃሌ ይዤ ሃምሳ ዓመቴ፣ መብራት ሲሄድ አንድም ቀን ጠፍቶብኝ አያውቅም» አሉኝ።

ምን ይመለሳል? ተሳስቀን ሻይ አዘዝን። መብራቱ ሲመጣ እንደገና ጻፍኩት፤ በየመስመሩ «ብራናው ላይ አሰፈርክ?» እያሉ አስጨነቁኝ። አሁንም ሲመጡ ከሰላምታ በፊት እሱን ነው የሚጠይቁኝ።

እና ከተራ ዋዜማ ማታ፣ የመጨረሻውን ደንበኛ ከሸኘሁ በኋላ፣ ያንን ሃርድ ዲስክ ፈልጌ አወጣሁት። አርጅቷል፣ ሲሠራ ይንጫጫል። ኪልዳል እ.ኤ.አ. በ1994 በ52 ዓመታቸው ሲሞቱ ፕሮግራሙ አንድ ሙሉ ዝግጅት ለመታሰቢያቸው አድርጎላቸው ነበር። ለጋሽ ስቱዋርት ሌላ ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ እሱን ከፈትኩት። ውጪ የከበሮ ድምፅ ይሰማል፣ ልጆች እየጨፈሩ ያልፋሉ፣ እሳቸው በዚያ ረጋ ባለ ድምፅ ስለ ጓደኛቸው ያወራሉ።

ግማሽ ላይ ሳይደርስ መብራት ሄደ። የቀረውን በቃሌ ስለማውቀው ጨለማው ውስጥ ትንሽ ተቀመጥኩና ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ።