ስልኩ መጨረሻ ላይ እማዬ ጋ ነው የሚደርሰው

ሰሞኑን «ስልክ ልቀይር ነው» ማለቴ ጓደኞቼን ለሁለት ከፍሏቸዋል። አንደኛው ወገን «ያገለገለም ቢሆን አይፎን ግዢና ተገላገይ» ይላል። ሌላው «በዚያ ብር እኮ ያልተነካ ሳምሰንግ ይገኛል» ባይ ነው። ቡና ላይ ተነስቶ ምሳ ላይ የሚቀጥል ክርክር ሆኗል። የሚነሳው ግን ካሜራው ነው፣ ስሙ ነው፣ እጅ ላይ ሲያዝ ማማሩ ነው። እኔ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ስልክ አፕዴት የሚያገኘው እስከ መቼ ነው?

ይሄን ጥያቄ ያመጣብኝ የእማዬ ስልክ ነው።

እኛ ቤት ስልክ አይጣልም። ከእጅ ወደ እጅ ይወርዳል። መጀመሪያ እኔ እይዘዋለሁ። አዲስ ስገዛ ፖሊ ለሚማረው ታናሽ ወንድሜ ይደርሰዋል። እሱ ሌላ ሲያገኝ ደግሞ ባትሪው ይቀየርና፣ ከቨር ይገዛለትና፣ በጀልባ ዘጌ ይሻገራል፤ እማዬ ጋ። እማዬ ከጓሮዋ የለቀመችውን ቡና ትሸጣለች። ድሮ ብሩን መቀነቷ ላይ ቋጥራ ነበር የምትይዘው። አሁን ገዢዎቹ በቴሌብር ይልኩላታል። እስቲ አስቡት። ከሦስታችን ብዙ ገንዘብ የሚገባበትና የሚወጣበት የእሷ ስልክ ነው። ከሦስታችን ያረጀውን ስልክ የያዘችውም እሷው ናት።

ባለፈው ባሕር ዳር ስትመጣ ስልኳን ተቀበልኳትና ሴቲንግ ውስጥ ገባሁ። መጨረሻ ላይ «ስለ ስልኩ» የሚል አለ። እሱን ከፍታችሁ የአንድሮይድ ቨርዥኑን ስትነኩት የሴኪዩሪቲ ፓቹ፣ ማለትም ስልኩ የመጨረሻውን የደህንነት ማስተካከያ ያገኘበት ቀን ይወጣል። በትንንሽ ፊደል ጁን 2020 ይላል። (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ፣ ስልኩ እንደሚጽፋቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ አፕዴት ፈልግ የሚለውን ነካሁት። ክቧ ትንሽ ዞረችና ስልኩ የመጨረሻውን አፕዴት እንዳገኘ ነገረችኝ። አረንጓዴ ምልክትም አለው። ይሄ ነው ያበሸቀኝ። ውሸት አይደለም፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣለት ነገር የለም። ግን እማዬ ብታነበው ሁሉ ነገር ሰላም ነው ብላ ነው የምትዘጋው።

«ምን አገኘሽበት?» አለችኝ።

«አርጅቷል እማዬ።»

«ይሠራል እኮ! ትናንትም ብር ገብቶበታል።»

ችግሩም እሱ ነው። ድጋፉ ያለቀ፣ ማለትም አምራቹ አፕዴት መላክ ያቆመለት ስልክ ምንም ምልክት አያሳይም። ይደውላል፣ ቴሌግራም ይከፍታል፣ ብር ይቀበላል። ሌባ ሊገባበት የሚችለው ቀዳዳ ግን እየበዛ ነው የሚሄደው። በ2015 አንድሮይድ ላይ ስቴጅፍራይት የተባለ ችግር ተገኝቶ ነበር። ተንኮል የተቀበረበት ቪዲዮ በመልእክት በመላክ ብቻ ሰው ስልክ ውስጥ መግባት ይቻል ነበር፤ ባለቤቱ መልእክቱን ሳይከፍተው ጭምር። ጎግል በየወሩ የደህንነት ማስተካከያ ማውጣት የጀመረው ያኔ፣ ኦገስት 2015 ላይ ነው። የተገኙት ቀዳዳዎች ዝርዝርም በየወሩ በይፋ ይወጣል። ማስተካከያው ለደረሰው ስልክ ይሄ ደስ የሚል ነገር ነው። ላልደረሰው ግን አጥሩ የት ጋ እንደተነደለ ለሰፈሩ ሁሉ እንደመናገር ነው።

ታዲያ ጎግል ያወጣው ማስተካከያ ለምን እማዬ ጋ አልደረሰም? የአንድሮይድ መንገድ ረጅም ነው። ጎግል ይጽፈዋል። ቺፑን የሚሠሩት፣ እነ ኳልኮምና ሚዲያቴክ፣ የራሳቸውን ድርሻ ያስተካክላሉ። ከዚያ የስልኩ አምራች ለየሞዴሉ አዘጋጅቶ ይልካል። አንዱ ጋ ከቆመ ለእኛ ቆመ ማለት ነው። ቶሎ የሚቆመው ደግሞ ርካሹ ስልክ ላይ ነው። በ2017 ከአንድሮይድ 8 ጋር ትሬብል የሚባል አሠራር መጥቶ የጎግልን ክፍል ከቺፑ ክፍል ለይቶታል፤ ለአምራቾቹ ሥራው ቀለለ። ከአንድሮይድ 10 ወዲህ ደግሞ አንዳንዱ ክፍል በቀጥታ በጎግል በኩል ይታደሳል። ቢሆንም ዋናው ነገር አሁንም አምራቹ እጅ ላይ ነው። አይፎን ጋ ይሄ ቅብብል የለም። ስልኩንም፣ ቺፑንም፣ አይኦኤስ የሚባለውን ሲስተሙንም የሚነድፈው አፕል ራሱ ነው።

ስለዚህ የአይፎን ወዳጆቼ ከመሬት ተነስተው አይደለም የሚከራከሩት። በድጋፍ ረገድ አፕል ለብዙ ዓመት በግልጽ ይበልጥ ነበር። በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ ጃንዋሪ 2023 ላይ እንኳ የደህንነት ማስተካከያ አግኝቷል። በዚያ ዘመን የወጡ አንድሮይዶች ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላቸው ይረሱ ነበር።

አሁን ግን ነገሩ ተቀይሯል። ኦክቶበር 2023 ላይ ጎግል ለራሱ ስልክ ለፒክስል 8 የ7 ዓመት አፕዴት ቃል ገባ። ጃንዋሪ 2024 ላይ ሳምሰንግ ለጋላክሲ ኤስ24 ያንኑ አለ። እነዚህ ውድ ናቸው፤ የእኔ ኪስ አይችላቸውም። እኔን ከልቤ ያስደሰተኝ በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ የወጣው ጋላክሲ ኤ16 ነው። ከሳምሰንግ ርካሾች የሚመደብ ስልክ የ6 ዓመት ድጋፍ ይዞ መጣ። እስከ 2030 ማለት ነው። ረጅም ድጋፍ የሀብታም ብቻ መሆኑ የቀረው እዚህ ላይ ነው።

በእኔ ብር የሚገኘው አይፎን ደግሞ ያገለገለ ኤክስአር ነው። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን የወጣው በ2018 ነው። ሴፕቴምበር 2025 የመጣው አይኦኤስ 26 አይገባበትም፤ አይኦኤስ 18 ላይ ቆሟል። አፕል ለቆዩት ስልኮቹ አልፎ አልፎ ማስተካከያ ይልካል፣ ይሄን አልክድም። ሆኖም ሒሳቡን ሥሩት። ጥቂት ዓመት እኔ ጋ፣ ጥቂት ዓመት ወንድሜ ጋ፣ ከዚያ ዘጌ። እማዬ ጋ ሲደርስ ምን ሊቀረው ነው? የድጋፉ ዘመን የሚቆጠረው እኛ ብር ከከፈልንበት ቀን ጀምሮ አይደለም። ሞዴሉ ገበያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ነው። ካርቶኑ ያልተከፈተ ስልክም ቢሆን መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ዘመኑ ይበላል።

ሌላ ምርጫ ካለ ብዬም አይቻለሁ። የዊንዶውስ ስልክ ድጋፉ በ2020 መጀመሪያ ላይ አበቃ። የብላክቤሪ የራሱ ሲስተም ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ተዘጋ። የሁዋዌው ሃርመኒ አለ፤ ግን የጎግል አገልግሎት የለውም፤ ለእማዬ ዓይነት ሰው አዲስ ነገር ማስለመድ አልፈልግም። እንግዲህ ያው ሁለቱ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ ሞባይል ቤት ገባሁ። ልጁ ትሁት ነው። «እህቴ፣ ይሄ 128 ጂቢ ነው፤ ካሜራው 50 ሜጋፒክስል ነው» እያለ አንድ በአንድ አስረዳኝ። «አፕዴቱስ እስከ መቼ ነው?» አልኩት። ካርቶኑን አነሳና ጎኑን አየ። ገልብጦ ከታች አየ። ባትሪው ተጽፏል፣ ሚሞሪው ተጽፏል፣ የተሠራበት አገር ተጽፏል። ያቺ አንዲት ዓመት የለችም። «እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለኝ። አልፈረድኩበትም። አውሮፓ ውስጥ ከጁን 20 ቀን 2025 ጀምሮ በሕግ ተደንግጓል፤ አምራቹ ሞዴሉን መሸጥ ካቆመ በኋላ እንኳ ቢያንስ ለ5 ዓመት አፕዴት ማቅረብ አለበት። እንዲህ ያለ ሕግ ለእኛም ያስፈልገናል ባይ ነኝ፤ እንዲያውም ይበልጥ ለእኛ። አንድ ስልክ ሦስት ሰው የሚያገለግለው እኛ ጋ ነው።

ድጋፍ አለ ማለት ደግሞ አፕዴቱ ደረሰ ማለት አይደለም። ኦገስት 2023 ላይ እዚህ አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ የማንም ስልክ በዳታ ምንም ማውረድ አይችልም ነበር። ዛሬም ትልቁ አፕዴት ከአንድ ጂቢ ያልፋል። እማዬ ለእሱ ብላ ፓኬጅ አትገዛም፤ አልፈርድባትም። ስለዚህ እዚህ በመጣች ቁጥር ቢሮ ወስጄ በዋይፋይ የማወርድላት እኔ መሆን አለብኝ።

ለብሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለቁልፍ ስልክ ገዝቼላት አርፍ ነበር። ቴሌብር በ*127# በተራ ስልክም ይሠራል። ግን አዲስ አበባ ያለችው እህቴ የልጇን ቪዲዮ በቴሌግራም ትልክላታለች። እማዬ ያንን ሳታይ አትተኛም። እሱን አልነጥቃትም።

በመጨረሻ ያየሁት የራሴን ስልክ ነው። ጋላክሲ ኤ34 ነው፤ በ2023 የወጣ። ስክሪኑ ተሰንጥቋል እንጂ የደህንነት ማስተካከያው እስከ 2028 ይመጣለታል። ስክሪን ማስቀየር አዲስ ከመግዛት ይረክሳል፤ ለሳምሰንግ ደግሞ ዕቃ የሚያጣ ጠጋኝ እዚህ ከተማ አላጋጠመኝም።

ስለዚህ ኤ16ን እገዛለሁ፤ የሚይዘው ግን እኔ አይደለሁም። በቀጥታ ዘጌ ይሄዳል። ፊደሉን አተልቄ፣ ቋንቋውን አማርኛ አድርጌ፣ ያለውን አፕዴት ሁሉ አውርጄ ነው የምሰጣት። አሮጌውን ግን እንደ ልማዳችን ለማንም አላወርደውም፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ፣ ሲሙን አውጥቼ፣ ቤት ሬዲዮ እንድታዳምጥበት እተውላታለሁ። ወንድሜ «ታዲያ የኔ ተራስ?» ብሏል። የእሱን ስልክ ቀን ገና አላየሁትም፤ ቅዳሜ ይዞልኝ ይመጣል።